ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ፣ ውሃው ፈሰሰ፦ የዙበይዳ ቢንት ጃዕፈር ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው የጁሙዓ ስንቃችን ስለ አንዲት ሴት ነው። ከሞተች 1,200 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሐጅ ያደረጉ ወላጆቻችን ዐረፋ ላይ በጀበለ ረሕማ አካባቢ የሚያልፈውን አሮጌ የድንጋይ ቦይ አይተው፣ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አልፈው ይሆናል። ያ ቦይ የእሷ ነው። ዙበይዳ ቢንት ጃዕፈር ትባላለች፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ኡሙ ጃዕፈር እያሉም ይጠሯታል።

ስለ እሷ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው አጭር ነው፤ ሀብታም ነበረች፣ ለሑጃጅ ውሃ አጠጣች ተብሎ ይታለፋል። ሥራዋን ጠጋ ብለን ካየነው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ዙበይዳ ውሃውን ብቻ አላሰበችም። ውሃው የሚወለድበትን ተራራ፣ ጎርፉ የሚወርድበትን ሸለቆ፣ አሸዋው ውስጥ የሚሰርገውን ዝናብ አስባለች። ዛሬ ስለ ተፋሰስ ልማትና ስለ ከተማ ውሃ አቅርቦት በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ትምህርት፣ እሷና መሐንዲሶቿ በመካ ተራሮች ላይ በድንጋይና በኖራ ሠርተውታል። ስለዚህ ታሪኳን ዛሬ ዘርዘር አድርገን እንየው።

አያቷ ያወጣላት ስም

ዙበይዳ የተወለደችው ከዐባሳውያን ቤተሰብ ነው። የባግዳድን ከተማ የመሠረተው ኸሊፋ አቡ ጃዕፈር አል መንሱር የአባቷ አባት ነው። እናቷ ሰልሰል ደግሞ የኸይዙራን እህት ናት፤ ኸይዙራን የሃሩን አር ረሺድ እናት ናት። ስለዚህ ዙበይዳና ሃሩን በአባታቸውም በእናታቸውም በኩል ዘመዳሞች ነበሩ፤ አባቶቻቸው ወንድማማች፣ እናቶቻቸው እህትማማች ናቸው።

የመዝገብ ስሟ አመቱል ዐዚዝ ነው። ዙበይዳ ያላት አያቷ መንሱር ነው። ሕፃን ሳለች ፍክት ያለች፣ ሰውነቷ የሞላ ስለነበረች እያጫወታት በቅቤ ስም ጠራት፤ ትንሿ ቅቤ እንደማለት ነው። ያ የቁልምጫ ስም እስከ ዛሬ ተከትሏት ዘልቋል።

በ165 ዓመተ ሂጅራ (781/782 እ.ኤ.አ.) ሃሩንን አገባች። እሱ ኸሊፋ ሲሆን እሷ ከስፔን ድንበር በመለስ እስከ መካከለኛው እስያ በሚዘረጋ ግዛት ውስጥ ከሁሉ የላቀ ክብርና ሀብት ያላት ሴት ሆነች። ሙሐመድ አል አሚን የተባለ ልጅም ወለደች።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ቤተ መንግሥቱ የዙህድ ቤት አልነበረም። በእንቁ ያጌጠ ጫማ ማድረግ ከእሷ እንደጀመረ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ወርቁም፣ ሐሩም፣ ግብዣውም ሞልቶ ነበር። በዚያው ቤት ደግሞ ቁርኣንን በልባቸው የያዙ 100 የቤት ሠራተኞች እንደነበሯትና ሲቀሩ ድምፃቸው እንደ ንብ ቀፎ ይሰማ እንደነበር ኢብን ኸሊካን ዘግቧል። ሰው ሁለት ነገር በአንድ ልብ ሊይዝ ይችላል። አላህ ባሪያውን የሚመዝነው በሙሉ ሥራው ነው፤ እኛ የምንማረው ደግሞ ከመልካሙ ነው።

ውሃ በወርቅ የሚሸጥባት ከተማ

መካ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ታገኛለች። የመካ ዝናብ ሲመጣም እንደ ክረምታችን ቀስ ብሎ አይዘንብም። ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘንብና ከየተራራው ጎርፍ ይወርዳል። ሐረሙን ሳይቀር ያጥለቀለቀባቸው ዓመታት በታሪክ ተመዝግበዋል። ከዚያ ውሃው አሸዋ ውስጥ ይጠፋል፤ ለወራትም ደመና አይታይም። ችግሩ ውሃ ጨርሶ አለመኖሩ ብቻ አልነበረም። የመጣውን የሚይዘው አልነበረም።

የመካ የውሃ ታሪክ የሚጀምረው ከሴት ነው። እናታችን ሃጀር (ዐ.ሰ) ለልጇ ውሃ ፍለጋ በሶፋና በመርዋ መካከል ሮጠች፤ አላህም ዘምዘምን አፈለቀ። ዘምዘም የማይደርቅ በረከት ነው። ነገር ግን ከተማዋ እየሰፋች፣ ከየአገሩ የሚመጣው ሑጃጅ እየበዛ ሲሄድ፣ ለመጠጥም ለእንስሳትም ለትጥበትም ሌላ ውሃ ማስፈለጉ አልቀረም። ቀደም ሲል ሙዓዊያ (ረ.ዐ) በመካ ዙሪያ ምንጮችን አስጠርገውና አስቆፍረው የአትክልት ቦታዎችን አልምተው ነበር። ምንጮቹ ግን ከጊዜ በኋላ ተቋረጡ፤ ሃሩን አር ረሺድም የተወሰኑትን እንደገና እንዲጠገኑ አዘዘ። ያም አልበቃም።

ኢብኑል ጀውዚ እንደጻፈው፣ በዚያ ዘመን መካ ውስጥ አንድ የቆዳ ስልቻ ውሃ እስከ አንድ ዲናር ይሸጥ ነበር። አንድ ዲናር ማለት 4.25 ግራም ገደማ ወርቅ ነው። የዛሬውን የወርቅ ዋጋ አስቡና አስሉት። ሀብታሙ ገዝቶ ይጠጣል። ዕድሜ ልኩን አጠራቅሞ በእግሩ የመጣው ድሃ ግን የአላህ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠማል።

ዙበይዳ ይህን ያየችው ለሐጅ በሄደች ጊዜ ነው። ብዙ ሀብታሞች ይህን ቢያዩ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ገዝተው ያድላሉ። እሱም ሰደቃ ነው፣ አጅርም አለው። ግን ስልቻው ሲያልቅ ጥሙ ይመለሳል። እሷ የጠየቀችው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ይህች ከተማ ሁልጊዜ የምትጠጣው ውሃ ከየት ሊመጣ ይችላል?

ከተራራው መጀመር

መሐንዲሶቿ መልሱን ያገኙት ከመካ በስተምሥራቅ፣ በጣኢፍ አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው ቦታ ሑነይን ነው። አዎ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የሑነይን ዘመቻ የተካሄደበት ሸለቆ። እዚያ ምንጭ ነበረ፤ ውሃውን ግን የአካባቢው የቴምር ዛፎችና እርሻዎች ይጠጡት ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን አደረገች።

አንደኛ፣ መሬቱን ገዛች። የኸሊፋው ሚስት ናትና ወስዳው ቢሆን ኖሮ ማን ይከራከራት ነበር? እሷ ግን ዋጋውን ከፍላ ገዛች፤ ከዚያ መስኖውን አስቆማ ውሃውን ወደ ከተማዋ መለሰች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማ ውሃ ሲያገኝ ከላይ ያለው ገበሬ የሚያጣው ነገር ይኖራል። የሑነይን ቴምሮች ለመካ ጥም ሲባል ቀርተዋል፤ ባለቤቶቹ ግን ገንዘባቸውን ተቀብለዋል። የተቀማ መሬት ላይ የተሠራ ሰደቃ ምን ሰደቃ ይሆናል?

ሁለተኛ፣ ምንጩን ብቻ አልተማመነችም። የመካ ታሪክ ጸሐፊዎች በዝርዝር እንደመዘገቡት፣ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ በሚሰበሰብባቸው የተራራ ግርጌዎች ሁሉ ውሃ የሚያጠራቅሙ ሥራዎች ተሠሩ፤ ከእያንዳንዳቸውም ዋናውን ቦይ የሚቀላቀል ትንሽ ቦይ ተቀደደ። እነዚህ ረዳት ምንጮች ስም ነበራቸው፤ አል ሙሻሽ፣ መይሙን፣ አዝ ዘዕፈራን እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ልብ በሉ! ቤት እያፈረሰ ይሄድ የነበረ ጎርፍ በየሸንተረሩ ተይዞ፣ ወደ መሬት ሰርጎ፣ ቀስ እያለ ምንጩን የሚያግዝ ሆነ። ያው ዝናብ ነው፤ መንገዱ ግን ተስተካከለ። ገጠር ያደጋችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ተራራው ላይ እርከን ሲሠራና መሬቱ ሲያርፍ ከታች የደረቀው ምንጭ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ውሃውን ወደ መካ የሚያደርሰው ቦይ ተሠራ። ኢብኑል ጀውዚ እንደሚለው ኮረብታ እየተደለደለና ዐለት እየተቀደደ ውሃው 10 ማይል ያህል ተጉዞ ከሐረም ክልል ውጭ ወደ ሐረሙ ውስጥ ገባ። ቦዩ በድንጋይ የተገነባ፣ ውስጡ ውሃ እንዳያሰርግ በኖራ የተለሰነ ነው። ኖራ የምንለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው ኑራ ጋር አንድ ነው።

ሞተር የለም፣ ነዳጅ የለም። ውሃው የሚሄደው በቁልቁለቱ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሲበዛ ውሃው እየሮጠ ቦዩን ይበላዋል፤ ሲያንስ ደግሞ ደለል ይሞላዋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን እየዞሩ ልኩን ጠብቀው መቅደድ ነበረባቸው። በብዙ ቦታ ቦዩ ከመሬት በታች ይሄዳል፤ ፀሐይ ውሃውን እንዳታተነው ነው። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ ሰው ወርዶ ደለሉን የሚጠርግበት የጉድጓድ አፍ ተተወለት። ከመሬት በላይ በሚሄድበት ቦታ በተራራው ወገብ ላይ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሸለቆው ውስጥ ቢሆን ጎርፍ ይጠርገው ነበር።

ሁለተኛው መስመር ከኑዕማን ሸለቆ የመጣው ነው። ኑዕማን ከጣኢፍ በታች በከራ ተራራ ግርጌ ያለ ሰፊ ወንዝ አልባ ሸለቆ ነው። ከተራራው የሚወርደው ዝናብ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ አሸዋውም እንደ ጋን ያስቀምጠዋል። መሐንዲሶቹ ከዚያ ከተጠራቀመው ውሃ ተነሥተው ቦዩን ወደ ዐረፋ ወሰዱት። ሑጃጅ ዙልሒጃ 9 ቀን በፀሐይ በሚቆሙበት ሜዳ ላይ ውሃ ደረሰ። ከዚያ ወደ ሙዝደሊፋ ቀጠለና ሚና አጠገብ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ጋ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዐለት እጅግ ጠንካራ ነበር። ያ የቆመ ሥራ ምን እንደሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ወጪውስ? የመካ ታሪክ ጸሐፊዎች 1,700,000 ሚስቃል ወርቅ እንደወጣበት ጽፈዋል። የገንዘብ ኃላፊዋ ወጪው ከባድ መሆኑን ሲነግራት፣ እያንዳንዱ የመዶሻ ምት አንድ ዲናር ቢያስወጣ እንኳ ሥራው እንዳይቆም ማዘዟ ይተረካል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ኃላፊዎቹ የሒሳብ መዝገባቸውን ይዘው ዲጅላ (ጤግሮስ) ወንዝ ዳር ወዳለው ቤተ መንግሥቷ መጡ። እሷም መዝገቡን ተቀብላ ወንዙ ውስጥ ወረወረችው፤ ሒሳቡን ለሒሳብ ቀን መተዋን፣ የተረፈው ያላቸው እንዲወስዱት፣ የጎደላቸው ካሉም እንደምትሞላላቸው ነገረቻቸው።

ወገኖቼ፣ ይህን ስንሰማ የመስጂድ ኮሚቴ ሒሳብ አይጠየቅ ማለት አይደለም! የሕዝብ አማና የሚመረመር ነው። እሷ የጣለችው የራሷን ሰደቃ መዝገብ ነው። ስንት እንደሰጠች እያየች ነፍሷ እንዳታብጥ ነው። ዛሬ አንድ ጀሪካን ውሃ ሰጥተን ሦስት ፎቶ ለምንለጥፍ ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለበት።

የመንገዱ ቢርካዎች

ሥራዋ በመካ አልቆመም። ከኢራቅ ኩፋ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ መካ የሚገባው የሐጅ መንገድ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩ ኸሊፋዎች የርቀት ምልክቶችን ተክለውበታል፣ ማረፊያዎችን ሠርተውበታል። ዙበይዳ ደግሞ ማረፊያዎችን፣ ጉድጓዶችንና ቢርካዎችን ጨመረችበት፤ ስለዚህም መንገዱ ደርብ ዙበይዳ፣ የዙበይዳ መንገድ ተባለ።

በሶማሌ ክልልና በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ያላችሁ፣ ቢርካ ምን እንደሆነ እናንተ ለእኛ ታስረዱናላችሁ፤ ዝናብ የሚያጠራቅም በመሬት ውስጥ የተሠራ ገንዳ ነው። የዙበይዳ መንገድ ቢርካዎችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ አንዳንዶቹ ክብ፣ ሌሎቹ አራት ማዕዘን ናቸው። በደረቁ ሸለቆ ላይ ዝቅ ያለ ግድብ ወይም ግንብ ይሠራና ጎርፉን ወደ ጎን ይመራዋል። ጎርፉ መጀመሪያ ትንሿ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይረጋል፤ ጭቃና አሸዋው እዚያ ይቀራል። የጠራው ውሃ ወደ ትልቁ ቢርካ ያልፋል። ውሃው ሲጎድል ሰው ወርዶ እንዲቀዳ በውስጡ ደረጃ አለው።

ከማረፊያዎቹ አንዷ ረበዛ ናት፤ ሶሓባው አቡዘር (ረ.ዐ) በብቸኝነት የሞቱባት ቦታ። እዚያ በተደረገ ቁፋሮ ቤቶችና መስጂዶች፣ የውሃ ማጠራቀሚያዎችም ተገኝተዋል። ትልቁ ክብ ቢርካ ከዳር እስከ ዳር ከ60 ሜትር በላይ ነው። ረበዛ ሌላም ታሪክ አላት። ዑመር (ረ.ዐ) ለሰደቃ ግመሎች ሒማ አድርገው የከለሏት ምድር ነበረች። ሒማ ማለት ማንም እንዳሻው እንዳይግጥበት የሚጠበቅ የግጦሽ መሬት ነው። ሣሩ እንዲያገግም፣ አፈሩ እንዲያዝ ያደርጋል። በአካባቢ ጥበቃ ትምህርት እንደ አዲስ የሚቀርብልን ነገር ኡማችን ከመጀመሪያው ትውልድ ጀምሮ የምታውቀው ነው።

ከአንዳሉስ የመጣው ኢብን ጁበይር በ1184 እ.ኤ.አ.፣ ኢብን በጡጣም በ1326 በዚህ መንገድ አልፈዋል። ዙበይዳ ከሞተች ከ350 እና ከ490 ዓመታት በኋላ ማለት ነው። ሁለቱም ከእሷ ቢርካዎች ጠጥተው ዱዓ አድርገውላታል። ኢብን ጁበይር እሷ ባትኖር ኖሮ ይህ መንገድ የሚሄድበት እንዳልነበረ መስክሯል። የማታውቁት፣ ቋንቋው እንኳ ከእናንተ የሚለይ መንገደኛ ከሞታችሁ ከመቶ ዓመታት በኋላ ስማችሁን አንሥቶ ዱዓ ሲያደርግ አስቡት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲሞት ሥራው ተቋርጦ ከሦስት ነገር በስተቀር እንደማይቀጥል ሲያስተምሩን ከሦስቱ አንዱ ሰደቃ ጃሪያ ነው። ጃሪያ ማለት ፈሳሽ ማለት ነው። የዙበይዳ ሰደቃ ቃል በቃል ፈሳለች።

ካዕባ ውስጥ የተሰቀለው ወረቀት

አሁን ወደ ሐዘኗ እንምጣ።

ሃሩን በ186 ዓመተ ሂጅራ (802 እ.ኤ.አ.) ልጆቹን ይዞ ሐጅ አደረገ። ከእሱ በኋላ መጀመሪያ የዙበይዳ ልጅ አል አሚን፣ ቀጥሎ ከሌላ እናት የተወለደው አል መእሙን ኸሊፋ እንዲሆኑ ቃል ኪዳን ተጻፈ፤ ምስክሮች ቆሙ፣ ወረቀቱም ማንም እንዳይደፍረው ካዕባ ውስጥ ተሰቀለ። ያ ቤተሰብ መካ ውስጥ ሁለት ነገር አስቀመጠ ማለት ነው፤ አንደኛው ወረቀት፣ ሁለተኛው ውሃ።

ሃሩን በ193 ዓመተ ሂጅራ (809) ሞተ። ዓመታት ሳይቆዩ አል አሚን ወንድሙን ከአልጋ ወራሽነት ገፍቶ በምትኩ የራሱን ልጅ አደረገ። ወረቀቱንም ከካዕባ አስወጥቶ ቀደደው። ጦርነት ሆነ። የአል መእሙን ጦር ባግዳድን ከአንድ ዓመት በላይ ከበበ፤ ከተማዋ ነደደች፣ ሰፈሮቿ ፈረሱ። በ198 ዓመተ ሂጅራ (813) አል አሚን ተገደለ።

ዙበይዳ ባሏን ቀብራ ስታበቃ ብቸኛ ልጇን አጣች፤ ያውም በእንጀራ ልጇ ጦር እጅ። አል መስዑዲ እንደሚተርከው፣ የልጇን ደም እንድትበቀል የገፋፏት ነበሩ። እሷ ግን ደም በደም ላይ መጨመርን እምቢ አለች፤ የሐዘን ልብስ ለብሳ ለአል መእሙን ደብዳቤ ጻፈች። እሱም አክብሮ ያዛት፣ ሀብቷንም መለሰላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይደንቃል። በ210 ዓመተ ሂጅራ (825) አል መእሙን ቡራንን ሲያገባ ሙሽራዋ ካቀረበቻቸው ልመናዎች አንዱ ለዙበይዳ ሐጅ እንዲፈቀድላት ነበር፤ ተፈቀደላትም። በዚያው ዓመት የመካ ኃላፊ የነበረው ሷሊሕ ኢብኑል ዐባስ ለአል መእሙን ጻፈ። የኡሙ ጃዕፈር ቢርካ በመካ ላይኛው ክፍል ብቻ ስለነበረ የታችኛው ሰፈር ሰዎች እየተንገላቱ ነበር። አል መእሙን ፈቀደ፤ በየሰፈሩ አምስት ቢርካዎች ተሠርተው ከእሷ ውሃ እንዲሞሉ ተደረገ። ልጇን የነጠቃት ጦር ጌታ የእሷን ሰደቃ ወደ ድሆች ሰፈር አደረሰው። ካዕባ ውስጥ የተሰቀለው ወረቀት አሥር ዓመት አልሞላውም፤ ውሃው ግን የተጣሉትን ወንድማማቾች ሁለቱንም አልፎ ሄደ።

ዙበይዳ በ216 ዓመተ ሂጅራ (831 እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ውስጥ አረፈች። አላህ ይዘንላት። ከሞተች በኋላ አንድ ሰው በሕልሙ አይቷት ምሕረት እንዳገኘች ነገረችው የሚል ታሪክ በየቦታው ይነገራል። ሕልም ማስረጃ አይሆንም፤ የእሷን ጉዳይ ለአላህ እንተዋለን፣ መልካሙንም እንከጅልላታለን።

የጠገኑት እጆች

ሰደቃ ጃሪያ በራሱ አይፈስም፤ የሚጠግነው ይፈልጋል። በ245 ዓመተ ሂጅራ (859) የሙሻሽ ምንጭ ሰጥሞ መካ ውስጥ አንድ ስልቻ ውሃ 80 ዲርሀም ደረሰ። ገንዘብ ልካ ያስጠገነችው የኸሊፋው አል ሙተወኪል እናት ናት።

ሚና አጠገብ የቆመው የኑዕማን መስመርስ? ከ700 ዓመት በላይ እዚያው እንደቆመ ቆየ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመካ ምንጮች ሲደክሙ የዑስማኒያው ሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ሱልጣን ሥራውን በራሷ ገንዘብ ልታስጨርስ ተነሣች። ሠራተኞቹ ዙበይዳን ያስቆማት ዐለት ጋ ደረሱ። በዓይኑ ያየው የመካ ዓሊም ቁጥቡዲን አን ነህረዋሊ እንደጻፈው፣ ዐለቱ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንጨት እያነደዱ፣ ሲለሰልስ ጠዋት በመዶሻ እየፈለጡ በጥቂት በጥቂቱ ገፉ። በመካ ዙሪያ ማገዶ እስኪጠፋ ድረስ ነደደ። አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። የሥራው ኃላፊ ፍጻሜውን ሳያይ ሞተ። በ979 ዓመተ ሂጅራ (1571/72) የኑዕማን ውሃ መካ ገባ።

ሃጀር፣ ዙበይዳ፣ የአል ሙተወኪል እናት፣ ሚህሪማህ። እህቶቼ፣ የመካን ውሃ ታሪክ ከእናንተ ወገን ውጭ መጻፍ አይቻልም።

ቦዩ እየተጠገነ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አገልግሏል። ዛሬ መካ በአብዛኛው የምትጠጣው ከቀይ ባሕር ተጣርቶ፣ በኃይለኛ ፓምፕ ተራራ ወጥቶ የሚመጣ ውሃ ነው። የዙበይዳ ቦይ ቅሪት ግን በዐረፋና በሙዝደሊፋ ተራሮች ወገብ ላይ አሁንም ይታያል። ባግዳድ የነበረው ቤተ መንግሥቷ ግን የት እንደቆመ የሚያሳይ ግንብ የለም።

ለእኛስ?

እኛ የዙበይዳ ወርቅ የለንም። አስተሳሰቧ ግን ያለ ወርቅም ይያዛል።

ጉድጓድ ለማስቆፈር ስታዋጡ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከትልልቅ ሰደቃዎች አንዱ ነው። ግን ሁለት ጥያቄ ጨምሩበት። ከላይ ያለው ተራራ እንዴት ነው? የተራቆተ ከሆነ ጉድጓዱ ይደርቃል፤ ከገንዘቡ ላይ ለችግኝና ለእርከን የሚሆን ይቀነስ። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫ የሚገዛ ትንሽ ወቅፍ ያልተያዘለት ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው።

የመስጂዳችንን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው መስጂድ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ከተማ ላይ 200,000 ሊትር ይወርድበታል። የሚባክነውን ብንቀንስ እንኳ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ዛሬ ወደ አስፋልቱ እየፈሰሰ የጎረቤት ግቢ ያጥለቀልቃል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ለውዱእ ቦቴ እንጠራለን። አሸንዳ፣ ማጥለያና ታንከር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የውዱእ ውሃም ወደ ቱቦ ከሚሄድ ለግቢው ዛፎች ቢሄድ ምን ይጎዳል? መሐንዲስነት የምትማሩ ወጣቶች፣ ይህን ለሰፈራችሁ መስጂድ ነድፋችሁ ብታቀርቡ የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁ ኢንሻአላህ የአኺራ ስንቅ ይሆናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር፤ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ዛሬ ለጁሙዓ ውዱእ ስታደርጉ ቧንቧውን ግማሽ ብቻ ክፈቱት። ውሃው ከየትኛው ተራራ እንደመጣም ለአፍታ አስቡ።

አላህ ሆይ! ዙበይዳን፣ ከእሷ በኋላ ቦዩን የጠገኑትን፣ በዚያ ሥራ ላይ ላባቸውን አፍስሰው ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩትን ድንጋይ ጠራቢዎች ሁሉ ማራቸው። ሰደቃችንን ከሪያእ ጠብቅልን፣ ከእኛ በኋላም የሚፈስ አድርግልን። ምድራችንን በረሕመት ዝናብ አርካ፣ የደረቁ ምንጮቻችንን መልስልን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና ሶለዋት ማብዛት አንርሳ። ጁሙዓ ሙባረክ!